«እሺ» ሲሏችሁ ምን እያሏችሁ ነው?

አንድ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ለ11 ቀን ቆሞብኝ ያውቃል። ጥፋቱ የወደቡ አልነበረም፣ የጉምሩክም አልነበረም። የእኔ ነበር። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ኮንቴይነሩን ለማስወጣት ከፈጀብኝ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

ያኔ በአንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ስድስት ሰው እመራ ነበር። ሥራችን የአስመጪዎችን ሰነድ መሰብሰብ፣ ማመሳከር፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) መሙላት፣ ከዚያ ዕቃው እስኪወጣ መሯሯጥ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰነዶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የዚያ ኮንቴይነር ፓኪንግ ሊስት (የዕቃው ዝርዝር) 480 ካርቶን ይላል። የመርከብ ሰነዱ ደግሞ 408። አንድ ሰው ሲተይብ ስምንትና ዜሮ ቦታ ተለዋውጠውበታል፣ በቃ፣ ሌላ ተንኮል የለውም። ማስተካከያው እስኪመጣ ዕቃው ቆመ። ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ደንበኛው በየሰዓቱ ይደውላል።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ቡድኑን ሰብስቤ «እንዴት ነው አንድ ሰው እንኳ ያላየው?» አልኩ። ዝም አሉ። ስብሰባው ተበትኖ ሁሉም ወደየቦታው ሲሄድ ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ «ጋሼ፣ እኔ አይቼው ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትንሽ ቆየች። «ከዚያ በፊት ስለ ሌላ ፋይል ልነግርዎት ስመጣ ‹መጀመሪያ የራስሽን ሥራ ጨርሺ› ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ… እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ ነው።»

ማለቴን አላስታውስም። እውነቴን ነው፣ ፈጽሞ ትዝ አይለኝም። ስልክ ላይ ሆኜ ይሆናል፣ ርቦኝም ይሆናል። ከእኔ አፍ በሦስት ሰከንድ የወጣችው ንግግር ለእሷ የቢሮው ሕግ ሆና ቁጭ ብላለች።

ስለ ቡድን አመራር ሲወራ «ማዳመጥ» የምትባለው ቃል አትጠፋም። ሥልጠና ላይ ትነገራለች፣ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች፣ የሥራ ማስታወቂያ ውስጥ ትገባለች። ሁላችንም አንገታችንን እየነቀነቅን እንስማማለን። ግን ማዳመጥ ማለት የተነገረንን በትዕግሥት መስማት ብቻ ይመስለናል። ትልቁ ጣጣ ያለው ሰውየው ሊናገር ብሎ በዋጠው ነገር ላይ ነው። ያልተነገረንን እንዴት ነው የምናዳምጠው?

መጀመሪያ ሰው ለምን እንደሚውጥ እንይ። አንድ ሠራተኛ የተበላሸ ነገር ሲያይ፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት በልቡ ፈጣን ሒሳብ ይሠራል። ብናገር የምከፍለው ዛሬ ነው፣ ከፋዩም እኔው ነኝ። አለቃ ይቆጣል፣ ጓደኛ ይስቃል፣ «አዋቂ ነኝ ባይ» እባላለሁ። ጥቅሙ ቢኖርም ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም የድርጅቱ ነው። ዝም ብልስ? ዛሬ ምንም አልሆንም። ነገ ቢበላሽ ጥፋቱ የጋራ ነው፣ እኔን ለይቶ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ ይህን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሰነፍም ክፉም አይደለም። ሒሳቡ ልክ ነው! ስለዚህ ሠራተኛን ሰብስቦ «ደፋር ሁኑ» ብሎ መምከር ዋጋ የለውም። መለወጥ ያለበት ሒሳቡ ነው፤ ሒሳቡን መለወጥ የሚችለው ደግሞ አለቃው ብቻ ነው።

ይህን ነገር በጥናት ካሳዩት ሰዎች ዋናዋ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሯ ኤሚ ኤድመንድሰን ናቸው። ገና ተማሪ ሳሉ፣ በሆስፒታል ውስጥ የሚፈጸሙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን በሚያጠና ቡድን ውስጥ ይሠሩ ነበር። የጠበቁት ግልጽ ነው፤ ተግባብቶ የሚሠራ ክፍል ስህተቱ ያነሰ ይሆናል። ቁጥሩ ሲመጣ ግን ተገልብጦ መጣ። ጥሩ መሪና ጥሩ መግባባት ያላቸው ክፍሎች የመዘገቡት ስህተት ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ግራ የሚያጋባ ነው። ፍቺው ቆይቶ ነው የተገኘው። እነዚህ ክፍሎች የበለጠ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ሲሳሳቱ ስለሚናገሩ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች ስህተቱ ነበረ፣ ግን ይደበቃል። ፕሮፌሰሯ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ይህን ነገር በእንግሊዝኛ psychological safety ብለው ጠሩት። በአማርኛ «ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት» ብለን ስንተረጉመው ትንሽ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። እኔ «ሳይሸማቀቁ መናገር» ብለው ይቀለኛል። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ወደ 180 የሚጠጉ የራሱን ቡድኖች አስጠንቶ፣ ውጤታማውን ቡድን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው ብሎ ሲፈልግ፣ ማን ማን አባል ነው ከሚለው ይልቅ ሚዛን የደፋው ይኸው ሆኖ አግኝቶታል።

እና «የእኔ ክፍል ሰላም ነው፣ ማንም ቅሬታ የለውም» የምትሉ አለቆች፣ ቶሎ ደስ አይበላችሁ።

ነገሩ እስከ ሞት እንደሚደርስ ደግሞ ከአብራሪዎች በላይ የሚያውቅ የለም። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ቦታው በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፌ። በጎረቤት ደሴት አየር ማረፊያ ቦምብ ፈንድቶ አውሮፕላኖች ሁሉ ወደዚች ትንሽ ማረፊያ ተዛውረዋል፣ ተጨናንቃለች። ጭጋግ ወርዷል። የሆላንዱ ኬኤልኤም ቦይንግ 747 መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆሟል። ካፒቴኑ ተራ ሰው አይደሉም። የኩባንያው የ747 አሠልጣኞች አለቃ ናቸው፣ ፎቷቸው በኩባንያው ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። አጠገባቸው የተቀመጠውን ረዳት በዚያ አውሮፕላን ላይ ፈትነው ያሳለፉትም እሳቸው ናቸው። እስቲ ራሳችሁን በረዳቱ ቦታ አስቀምጡት።

ካፒቴኑ ለመነሳት ጉልበት መስጠት ሲጀምሩ ረዳቱ ፈቃድ ገና እንዳላገኙ አስታወሳቸው። «እሱን አውቃለሁ፣ ጠይቅ» አሉት። ጠየቀ። ንግግሩ ገና ሳያልቅ ካፒቴኑ መንደርደር ጀመሩ። ረዳቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያርማቸው አልሞከረም። በዚህ መሃል በዚያው መንደርደሪያ ላይ የነበረ የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ስወጣ አሳውቃለሁ ሲል በራዲዮ ተሰማ። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሰማው። «ያ ፓን አሜሪካን አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ጠንከር አድርገው «ወጥቷል እንጂ!» አሉ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ጭጋጉም፣ በራዲዮ ላይ የተደራረበው ድምፅም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ግን ልብ በሉ፣ መሐንዲሱ አይቶ ዝም አላለም። ተናግሯል። የተናገረው በጥያቄ መልክ ነው፣ በትሕትና፣ አለቃው ፊት ላይ እንዳይሆንበት አለሳልሶ። እኛ ቢሮ ቢሆን «ጋሼ፣ ምናልባት ያቺ ነገር…» እንደማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የአቪዬሽኑ ዓለም ቁጭ ብሎ አሰበበት። እ.ኤ.አ. በ1979 ናሳ በዚሁ ጉዳይ ዓውደ ጥናት ጠራ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ለአብራሪዎቹ ሥልጠና ጀመረ። ይዘቱ ቀላል ነው፤ ለካፒቴን መስማትን፣ ለረዳት ደግሞ መናገርን ማስተማር። ዛሬ የእኛውን አየር መንገድ ጨምሮ በዓለም ዙሪያ ያሉ አብራሪዎች ይወስዱታል። ውጤቱ በአንድ ቀን የታየበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) የዚያው የዩናይትድ በረራ 232 የጅራት ሞተሩ አየር ላይ ፈነዳ፣ መሪውን የሚያንቀሳቅሱት ሦስቱም የሃይድሮሊክ መስመሮች ተበጠሱ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ይበራል ተብሎ አይታሰብም ነበር። ካፒቴን አል ሄይንስ ከረዳቶቻቸው ጋር እየተመካከሩ፣ በአጋጣሚ ተሳፋሪ ሆኖ የነበረ አሠልጣኝ አብራሪ እንኳ ወደ ኮክፒት (የአብራሪዎቹ ክፍል) አስገብተው የሞተሩን ጉልበት እንዲቆጣጠር ሰጥተውት፣ አውሮፕላኑን አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ከተማ አደረሱት። ሲያርፍ ተሰባበረ፤ ግን ከ296ቱ 184 ሰው ተረፈ። ካፒቴኑ በኋላ ሲናገሩ ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፤ ኮክፒቱ ውስጥ የሁላችንም ቢደመር 103 ዓመት የበረራ ልምድ ነበረ፣ እንዲህ ያለውን ማሳረፍ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ የተለማመደ አልነበረም፣ ታዲያ እኔ ከሌሎቹ በላይ የማውቅበት ምን ምክንያት አለ?

ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ የመምሪያ ኃላፊ ስንት አይታችኋል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ ቢሮ ትልቁ ቃል «እሺ» ነው። «እሺ» ማለት ተስማምቻለሁ ማለት ሊሆን ይችላል። ሰምቻለሁ ማለትም ይሆናል። አልገባኝም ግን መጠየቅ አፈርኩ ማለትም ነው። አንዳንዴም «ይሄ አይሆንም፣ ስትወድቅ ታየዋለህ» ማለት ነው። ድምፁ ግን አንድ ነው። ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት አጭር «አዎ»ማ ጭራሽ የምትያዝ አይደለችም።

ስናድግ ታላቅ ሲናገር ታናሽ እንዳይናገር ተደርገን ነው ያደግነው። እንግዳ ፊት ልጅ አፉን አይከፍትም። ከዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ከዚያ ላይ ደግሞ ግምገማ የሚባል ነገር አለ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። «ሂስና ግለ ሂስ፣ በነፃነት ተናገሩ» ይባላል። የተናገረ ሰው ንግግሩን ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት ያገኘዋል። ከዚያ የወጣ ሰው ዘመናዊ የግል ድርጅት ገብቶ እንኳ «በነፃነት አስተያየታችሁን ስጡ» ሲባል ይደነግጣል። ወጣት ሥራ አስኪያጆች ይህ አይገባቸውም። «ጠየቅኳቸው እኮ፣ ምንም የላቸውም» ይላሉ። አላቸው። ቡና ሲጠጡ ሂዱና ስሙ። እናንተ ስትደርሱ ጨዋታው የሚቀየር ከሆነ ደግሞ መልሱን አግኝታችኋል።

ግን ባህላችን ችግር ብቻ ነው ማለት ስንፍና ነው። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ነን፤ የተሸፈነ ነገር መስማት እንችላለን። ቢሮ ስንገባ ነው ችሎታው የሚጠፋን። «ትንሽ ጊዜ ቢጨመርበት ጥሩ ነበር» ሰሙ ነው። ወርቁ «አርብ አያልቅም» ነው። «እስኪ እናያለን» ሲሏችሁ «አይሆንም» ነው። «እንዳሉት ይሆናል» ከተባላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ሰውየው ጉዳዩን ትቶ ኃላፊነቱን ለእናንተ አስረክቧል። ሽማግሌ ተቀምጦ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ይከለከላል፣ ሁለቱም እስኪጨርሱ ፍርድ የለም። ያንን ትዕግሥት ለሰኞ ጠዋት ስብሰባ ብናውሰው ምን ነበረበት።

በተግባር ምን ይደረግ? እኔን የሠራልኝን ልንገራችሁ።

አንደኛው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ጥያቄ አለ?» የሚለው ጥያቄ አይደለም፣ ስብሰባው አልቋል ማለት ነው። ሁሉም ደብተሩን ይዘጋል። እኔ አሁን «ይህ ዕቃ የሚቆምብን ከሆነ በምን ምክንያት ይቆምብናል?» እላለሁ። እንዲህ ሲጠየቅ ችግር መናገር ተቃውሞ መሆኑ ይቀራል፣ ሥራው ራሱ ይሆናል። ከዚያ ዝም ማለት። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። አለቃ ዝምታ አይችልም፣ ቶሎ ብሎ ራሱ ይመልሰዋል። እኔ በሆዴ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወይ ስምንት ላይ አንድ ሰው ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። እኔ ሐሳቤን መጀመሪያ ከተናገርኩ ያ ስብሰባ ሞቷል። ሁሉም እኔ ያልኩትን አሳምሮ ይመልስልኛል። ስለዚህ ከታናሽ እንጀምራለን፣ እኔ መጨረሻ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተሸማቅቋል። አንድ ትልቅ ሰው «እኛ እያለን ልጅ ይጀምር?» ብለው ቅር ብሏቸው ነበር። ለብቻ ቡና ጋብዤ «እርስዎ ከተናገሩ በኋላ ልጆቹ ሌላ ነገር መናገር ይፈራሉ፣ ክብርዎ ነው የሚያስፈራቸው» አልኳቸው። ሳቁ። ተስማሙም።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉም የሚበልጠው፣ መርዶ ይዞ የመጣውን የመጀመሪያ ሰው እንዴት እንደምንቀበል ነው። ሌሎቹ አምስቱ ሥራ የሚሠሩ መስለው ያንን ነው የሚያዩት። ፊታችሁ ከጠቆረ አለቀ፤ ለስድስት ወር ማንም አይመጣም። መጀመሪያ «ጥሩ አደረግሽ፣ ነገርሽኝ»፣ ቀጥሎ «አሁን ምን እናድርግ?»። «እንዴት ሆነ?» የሚለው ነገ ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር እኔ ፊቴ ወዲያው ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ እጠጣለሁ። አትሳቁ፣ ይሠራል።

ከዚያ የተነገራችሁ ነገር የት እንደደረሰ መመለስ አለባችሁ። ሰው ሐሳቡ ውድቅ ሲደረግበት እንኳ ምክንያቱ ከተነገረው አይቀየምም። የሚቀየመው ሐሳቡ ጉድጓድ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ ድምፁ ሲጠፋበት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለች የሐሳብ መስጫ ሣጥን አቧራ ለብሳ ቁልፏም ጠፍቶ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ወደ አገራችን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የሥራ ቦታ ማስተካከያ የሆኑትን አምስቱን «ማ»ዎች ግድግዳ ላይ ለጥፈናል፣ መጋዘን አጽድተናል፣ መደርደሪያ ቀለም ቀብተናል። ጥሩ ነው። ግን የነገሩ ልብ ያለው ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ በየሠራተኛው አጠገብ የተዘረጋችው ገመድ ላይ ነው። ተራ ሠራተኛ ችግር ካየ ይስባታል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፣ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የሳበ አይቀጣም። እኛ መደርደሪያውን ወሰድንና ገመዱን እዚያው ተውነው።

ስለ ክብር ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ። በቢሯችሁ ውስጥ ክብር አለ የለም ለማወቅ ኃላፊዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ አትዩ። በሩ ላይ ያሉትን ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን ጥበቃ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ባለሙያ «አንተ» ነው የሚላቸው ወይስ «አባባ»? ጽዳት የምትሠራዋ ሴት ስም አላት ወይስ «ጽዳቷ» ናት? ሌሎቹ ሠራተኞች ይህን ሁሉ ያያሉ። ጥበቃው የሚናቅበት ቤት ውስጥ እነሱም አንድ ቀን እንደሚናቁ ያውቃሉ።

ሌላው የተገላቢጦሽ ነው። አክባሪ የሚባሉ አንዳንድ አለቆች እውነት አይናገሩም። ሠራተኛው ሥራው ወርዷል፣ አለቃው ይሉኝታ ይዞት ዝም ይለዋል፣ እንዲያውም ይስቅለታል፣ ከዚያ አንድ ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከሰው ሀብት ይደርሰዋል። ይህ አክብሮት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ሰውን ለብቻ ጠርቶ፣ በር ዘግቶ፣ «ባለፉት ሦስት ፋይሎች ላይ ይህ ይህ ጎድሏል፣ ምን ገጠመህ?» ማለት ይከብዳል፤ ግን የሚገባው እሱ ነው። ሰው ፊት መቆጣት ግን በምንም አይፈቀድም። አንድ ሰው የተቆጣችሁ ይመስላችኋል፣ ክፍሉን በሙሉ ነው አፉን የዘጋችሁት።

አሁን የሠራተኛ ደኅንነት ወደሚባለው እንምጣ። እኛ ኢትዮጵያውያን ለሰው በማሰብ አንታማም። የባልደረባ እናት ሲሞቱ ቢሮው በሙሉ ገንዘብ አዋጥቶ፣ መኪና ይዞ፣ ደብረ ብርሃንም ቢሆን ለቅሶ ይደርሳል። ይህን የሚያህል ነገር ሌላ አገር ያለ ሠራተኛ ሕልም ይመስለዋል። ጉዱ ግን ሰው እስኪሞት መጠበቃችን ነው። ያው ባልደረባ እናቱን ለሦስት ወር ሲያስታምም በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ሲያረፍድ «ሰዓት አያከብርም» ተብሎ ነበር። የጠየቀው የለም። እሱም አልተናገረም። «እሺ፣ ይቅርታ» ብቻ ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት። የዛለ ሰው ችግር አይቶ ለመናገር አቅም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ውጥረት የሚመጣውን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲመዘግበው (በሽታ ነው አላለም) ሦስት ምልክት ነው ያስቀመጠው፤ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እና «ምንም እየሠራሁ አይደለም» የሚል ስሜት። ሁለተኛውን ልብ በሉት። ትናንት ይከራከር የነበረ ሠራተኛ ዛሬ ሁሉንም «እሺ» ማለት ከጀመረ አለቃው ይደሰታል፣ «ልጁ ተለወጠ» ይላል። ተለውጧል፣ አዎ። በልቡ ለቋል።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ከሕጉ መጀመር ይቻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ለወለደች እናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ። ለአባት 3 ቀን፤ ትንሽ ናት፣ ግን አለች፣ የማይጠይቃት አባት ብዙ ነው። ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው ቀን በ1.5 ተባዝቶ ጀምሮ በበዓል ቀን እስከ 2.5 ይደርሳል። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው እንዲያርፍ ነው፤ ሠራተኛው «ይቅርብኝ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ሕጉ ፊርማውን አይቀበለውም። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ጠይቁ። ቤተሰብነቱ እዚያ ላይ ይታያል።

ከሕጉ ውጭ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ማታ 4 ሰዓት ላይ በቡድኑ ገጽ «ነገ ጠዋት ይድረሰኝ» ብሎ መጻፍ ለአለቃው የሐሳብ ማስታወሻ ነው፤ ለሠራተኛው እንቅልፍ ማጣት ነው። አንዷ አውራ ጣት ትልካለች፣ ሌሎቹም ከእሷ እንዳያንሱ ይልካሉ፣ ስድስት ቤት ውስጥ ስድስት እራት ይበላሻል። እኔ እንዲህ አደርግ ነበር። አሁን ጽፌ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲሄድ አደርገዋለሁ። ቴሌግራም ይህን ማድረግ ይችላል፣ መላኪያውን ጫን አድርጋችሁ ያዙት።

ከየሰዉ ጋር በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ብቻችሁን ተቀመጡ። ስለ ፋይል አይደለም። «ምን እያስቸገረህ ነው? እኔ ምን እያስቸገርኩህ ነው?» ሁለተኛዋን ጥያቄ መጀመሪያ ሰሞን ማንም አይመልሳትም። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ትንሽ ነገር ይነግሯችኋል፣ ለምሳሌ ስለ ወንበር። ወንበሩን ቀይሩ። ወንበሩ ፈተና ነው፤ ከተቀየረ ዋናው ነገር ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ተሳስታችሁ እንዳትረዱኝ። ማዳመጥ ማለት ሁሉንም በድምፅ ብልጫ መወሰን አይደለም። ኃላፊው ይወስናል፣ ለውሳኔውም ይጠየቃል። ካፒቴን ሄይንስም መጨረሻ ላይ ካፒቴን ነበሩ።

ያቺ ልጅ ከኮንቴይነሩ ነገር በኋላ ለወራት ምንም ይዛ አልመጣችም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ሰው ፊት፣ ምክንያቱም ያኔ የተቆጣኋት ሰው ፊት እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። «ኧረ ችግር የለውም ጋሼ» አለች። ሰሙን ማለቷ ነው። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ልወጣ ጃኬቴን ለብሼ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ፋይል ደረቷ ላይ ይዛ መጣች። «ይህ የክብደት ቁጥር ልክ አልመሰለኝም» አለችኝ። ጃኬቴን አወለቅኩ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ቁጥሩ ልክ ነበር። አንዱ የተጣራ ክብደት፣ ሌላው ከነማሸጊያው ነው፣ እሷ አደባልቃቸው ነው። ፊቷ ቀላ። «ሌላ ጊዜም እንዲህ ከመሰለሽ አምጪው» አልኳት። ልዩነቱንም አሳየኋት፣ ጻፈችው።

በሳምንቱ ሐሙስ ሌላ ይዛ መጣች። እሱ ግን ልክ አልነበረም።